ሀረጎ ላይ ጉም ሲይዘን

እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ማይኩ ትንሽ ይንኮሻኮሻል፤ አብሽሩ።

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ሀረጎ ላይ ጉም ያዘን። በመኪናው መብራት ሳየው እዚህ ጥቅጥቅ ብሏል፣ እዚያ ሳስቷል። እውነቱን ለመናገር ያ የአየር መደባለቅ ነው። እኔ የማወራው ከዚያ በጣም ስለሚያንስ፣ በዓይን ስለማይታይ ነገር ነው፦ የጉምና የደመና ጠብታዎች በሚናወጥ አየር ውስጥ እንዴት እንደሚከማቹ።

አየር ሲናወጥ በውስጡ ያለው ሁሉ እኩል የሚበተን ይመስለናል። ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟው። ጠብታ ግን ከአየር በጣም ትከብዳለች። አየሩ በአዙሪት ሲታጠፍ እሷ ለመታጠፍ ትዘገያለች። ሀረጎ ኩርባ ላይ ትከሻችን ከመስኮቱ ጋር እንደሚላተመው በሉት። እናም ከአዙሪቱ ትወጣና በአዙሪቶች መሀል ከሌሎቹ ጋር ትከማቻለች። ማርቲን ማክሲ የተባለ ተመራማሪ በ1987 እ.ኤ.አ. ይህንን በሒሳብ አሳይቷል።

ሁሉም ግን አይከማችም። በጣም ደቃቋ አየሩን ተከትላ ትዞራለች። በጣም ከባዷ አዙሪቱን ከቁብ ሳትቆጥር ታልፈዋለች። ወሳኙ የስቶክስ ቁጥር ነው፦ ጠብታዋ ለመታጠፍ የምትዘገይበት ጊዜ፣ አዙሪቱ ለመዞር ለሚወስድበት ጊዜ ሲካፈል። ውጤቱ 1 አካባቢ ሲሆን ክምችቱ ይበረታል።

ምን ይጠቅመናል? አንዲት የዝናብ ጠብታ አንድ ሚሊዮን ገደማ የደመና ጠብታዎች ተጠራቅመው ነው የምትሠራው። ካልተጋጩ አይዋሃዱም፤ ካልተቀራረቡ ደግሞ አይጋጩም። ሳይንቲስቶች የደመናውን መናወጥ በዚህ የተነሳ ነው የሚያጠኑት። ክረምት በጠበቅን ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ደሴ ስደርስ አክስቴ ሻይ አቀረበችልኝ። ማጥለያዋ ስለተቀደደ ቅጠሉ አብሮ ገብቷል። አማሰልኩት። ቅጠሉ ይከብዳል፤ ወደ ዳር መሸሽ ነበረበት። መሀል ላይ ተሰበሰበ!

ስለ ጠብታዎቹ ያወራሁትን ሁሉ የሚያፈርስ መሰለኝ። ግን ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንስታይን በ1926 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። የብርጭቆው ወለል ውሃውን በሰበቃ ስለሚያዘገየው፣ ታች ያለው ውሃ ወደ መሀል ይገፋል። ቅጠሉንም ይዞት ይሄዳል።

«ምነው ልጄ፣ ዝንብ ገባበት እንዴ?» አለችኝ አክስቴ።

«ኧረ አይ እትዬ፣ እያየሁት ነው።»

«ቀዘቀዘ እኮ። አምጣው ላሙቅልህ።»