ክንዱ ከመታሰሩ በፊት ጣቶቹ ይታዩ
በደብረ ማርቆስ ለወጌሾች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች፣ በየቀበሌው ሕዝቡን የምታገለግሉ ወጌሾች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ጥሪያችንን አክብራችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከቢቸናና ከሞጣ፣ ከደንበጫና ከፍኖተ ሰላም ተነሥታችሁ እዚህ በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ስላለው አካል ብቻ ነው። ይህን የመረጥሁት በእጅ ላይ የሚደርስ ጉዳት ሰውን አልጋ ላይ ስለማይጥል በቀላሉ ችላ ስለሚባል ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው በቃሬዛም ቢሆን ተሸክመውት ይመጣል፤ እጁ የተጎዳው ግን መራመድ ስለሚችል ገበያ ይውላል፣ በደኅና እጁ ሥራውን ይሞክራል፣ «ይሻለኛል» እያለ ሳምንታትን ያሳልፋል። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ አጥንቱ ተጣሞ ገጥሞ፣ መገጣጠሚያው ደርቆ፣ ጣቶቹም አልታዘዝ ብለውት እናገኘዋለን።

ከሁሉ አስቀድሜ ላስረዳ የምሻው ነገር አለ። የልጅ አጥንት በአብዛኛው መግጠሙ አይቀርም፤ ጠምሞም ቢሆን ይገጥማል። የማይመለሰው ደም አጥቶ የሞተ ጡንቻ ነው። እርፍ መጨበጥ፣ ጥጥ መፍተል፣ እንጀራ ማውጣት፣ እስክሪብቶ መያዝ የሚቻለው አጥንት፣ ጡንቻ፣ ጅማት፣ ነርቭና የደም ሥር አብረው ሲሠሩ ነው። ስለዚህ የተሰበረ ክንድ ፊታችሁ ሲቀርብ ስብራቱን ከመዳሰሳችሁ በፊት ጣቶቹን ተመልከቱ፤ ይሞቃሉ ወይስ ቀዝቅዘዋል፣ ሲነኩ ይሰማቸዋል ወይስ ደንዝዘዋል፣ ልጁ ራሱ ሊያጥፋቸውና ሊዘረጋቸው ይችላል ወይስ አይችልም? ይህን ለማወቅ ራጅ አያስፈልግም፤ የሚወስደውም ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ከማየው ሁሉ አጥብቆ የሚያሳዝነኝ የልጆች የክርን ስብራት ነው። በልጆች ክርን አካባቢ ከሚደርሱት ስብራቶች በብዛት የሚታየው የላይኛው የክንድ አጥንት ከክርን ጥቂት ከፍ ብሎ ሲሰበር ሲሆን፣ በተለይ የሚያጠቃውም ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 7 ዓመት የሚሆኑትን ነው። ልጁ ከዛፍ ወይም ከአህያ ጀርባ ሲወድቅ ራሱን ለማዳን እጁን ይዘረጋል፤ የአወዳደቁም ኃይል በተዘረጋው እጅ በኩል ሽቅብ ተጉዞ ከክርን በላይ ባለው ስስ የአጥንት ክፍል ላይ ያርፋል። ከዚህ አጥንት ፊት ለፊት ደግሞ ለእጅ ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ሥርና ወደ ጣቶች የሚወርዱ ነርቮች ያልፋሉ። የተሰበረው የአጥንት ጫፍ ወደ ፊት ሲገፋ ሊወጋቸው ወይም ሊጫናቸው ይችላል።

አደጋው በዚህ አያበቃም። ከክርን በታች ያሉት ጡንቻዎች በጠንካራ ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው። ይህ ሽፋን እስከ አፉ እንደተሞላ ስልቻ ነው፤ ከመጠኑ በላይ አይለጠጥም። ከስብራት በኋላ እብጠት ሲመጣ በውስጥ ያለው ግፊት ያይላል፤ በዚያ ላይ ከውጭ በቀርከሃ ስንጣቂና በጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር እብጠቱ መሄጃ ያጣና ትንንሾቹን የደም ሥሮች ይዘጋቸዋል። ጡንቻ ያለ ደም 6 ሰዓታት ያህል ከቆየ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ማሰሪያው ቢፈታም የሞተው ጡንቻ ወደ ጠባሳ ተለውጦ ይኮማተራል፣ የእጁ አንጓ ይታጠፋል፣ ጣቶቹም ወደ ውስጥ ተቆልምመው ይቀራሉ። የባሰው ሲመጣ እጁ ይጠቁርና ጋንግሪን ይሆናል፤ ያን ጊዜ የልጁን ሕይወት ለማዳን ያለን መንገድ መቁረጥ ብቻ ነው። ወላጅን አስቀምጦ ይህን እንደመንገር የሚከብድ ሥራ በሙያዬ ውስጥ አላውቅም።

ይህን ስናገር ወጌሾቻችንን ለመውቀስ እንዳልመጣሁ እንድትረዱልኝ እለምናለሁ። ይህን ጉዳት ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 በጽሑፍ ሲገልጸው ጠብቆ የታሰረ ማሰሪያ እንደሚያመጣው አስረድቷል፤ እርሱ ያወሳቸውንም ማሰሪያዎች ያስሩ የነበሩት ሐኪሞች ናቸው። ዛሬም ቢሆን በሆስፒታል የታሰረ ጄሶ ከጠበቀና ተከታትሎ የሚያየው ከሌለ ያንኑ ጉዳት ያደርሳል። ጥንቃቄው እንግዲህ ለእኔም ለእናንተም አንድ ነው። ወጌሻ በሌሊት በሩ ቢንኳኳ የሚነሣ፣ ያለው ከሌለው ሳይለይ የሚያገለግል፣ ሕዝቡ የሚያምነው ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ ያ እምነት ልጁን በሰዓቱ ወደ ሕክምና ለመላክ ቢውል የእኔ ቢላዋ ከሚያድነው ይልቅ ብዙ እጅ ያድናል።

ምልክቶቹን ልብ በሉ። የታሰረለት ልጅ ሕመሙ እያደር በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ፣ ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ቀና ስታደርጉለት ከጮኸ፣ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከገረጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፣ ማሰሪያው ወዲያው ከላይ እስከ ታች ይፈታ፤ ልጁም ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በአንጓው ላይ የደም ሥር ትርታ መገኘቱ አያዘናጋችሁ፤ ጡንቻው እየሞተ ትርታው ሊኖር ይችላል። «ሊድን ሲል ያመዋል» እየተባለ የሚያድር ልቅሶ እጅ ያሳጣል።

የተሰበረን ወይም የወለቀን ክርን ስለማሸትም አንድ ነገር ልጨምር። ክርን ከሌሎች መገጣጠሚያዎች ይልቅ መታሸትን አይወድም። በኃይል ሲታሽና ሲጎተት በውስጡ የተጎዳው ጡንቻ አጥንት ሊያበቅል ይችላል፤ አጥንት ያበቀለ ክርን ደግሞ እንደ ድሮው አይታጠፍም፣ አይዘረጋም። ያ ልጅ አድጎ እጁን አፉ ማድረስ ሊቸግረው ይችላል። ስለዚህ ቅቤው ይቅር፤ ክንዱ በተገኘበት ሁኔታ በካርቶን ተደግፎ፣ በነጠላ ከአንገት ተንጠልጥሎ፣ ቀለበትና አምባር ካለ ከማበጡ በፊት ወልቆ ይላክ።

ከመከር ጋር ወደሚመጣው ጉዳት ልለፍ። ኅዳርና ታኅሣሥ በጎጃም የጤፍ አጨዳ ወራት ናቸው። አጫጁ ማጭዱን በቀኝ እጁ ይዞ ጤፉን በግራው ስለሚጨብጥ፣ ስለቱ በሳተ ቁጥር የሚያገኘው የግራ እጅን ጣቶችና መዳፍ ነው። ቁስሉ ከውጭ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ በጣት የፊት ገጽ ላይ ግን ጣትን የሚያጥፉት ጅማቶች ከቆዳው እምብዛም ሳይርቁ ስለሚያልፉ ትንሽ ቁስል ጅማትን ሊበጥስ ይችላል። የጤና ጣቢያ ባልደረቦቼን የምለምነው፣ ቆዳውን ከመስፋታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ጣት መገጣጠሚያ ለየብቻ እንዲያጥፍ ታካሚውን ጠይቁት፤ የጣቱ ጫፍ ካልታጠፈ ቁስሉን አጥባችሁ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ሰጥታችሁ ወደ ሆስፒታል ላኩት። የተበጠሰ ጅማት በቀናት ውስጥ ቢሰፋ መልካም ውጤት ይኖረዋል፤ ሳምንታት ካለፉ ግን ጫፉ ወደ ክንድ ይሸሻል፣ መንገዱም በጠባሳ ይዘጋል። አርሶ አደሮችም በቁስል ላይ የቡና ዱቄት፣ አፈርና ቅጠል ከመነስነስ ይቆጠቡ፤ ደሙን ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ በቀጥታ መጫን ያቆመዋል።

ስለ ትከሻ ውልቃት በአጭሩ ልናገር። ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች በብዛት የሚወልቀው ትከሻ ሲሆን፣ ከ100 ውልቃቶች 95 ያህሉ ወደ ፊት የሚወጡ ናቸው። በዕለቱ ከመጣ በሕመም ማስታገሻ ታግዞ በቀላሉ ይመለሳል፤ 3 ሳምንታት ካለፉት ግን ያለ ቀዶ ሕክምና መመለሱ አስቸጋሪ ይሆናል። ከሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ወይም ከኤሌክትሪክ አደጋ በኋላ ትከሻ ወደ ኋላ ሊወልቅ ስለሚችልና ይህም በተራ ራጅ ሊያመልጥ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ሰው ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ካቃተው ከልዩ አቅጣጫ ራጅ ይነሣለት። በተለይ የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ትከሻ ሳይሰበርም ሳይወልቅም ደርቆ ይያዛል፤ ለዚህ ዋናው መድኃኒት በትዕግሥት የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው።

ሌሊት አውራ ጣታቸው፣ ጠቋሚና መሃል ጣታቸው እየደነዘዘ የሚቀሰቅሳቸው፣ እጃቸውን ሲያራግፉት ደግሞ ለጊዜው የሚሻላቸው እናቶች ብዙ ናቸው። ይህ በአንጓ ላይ ያለ ነርቭ ሲጨመቅ የሚመጣ ነው፤ በእርግዝናና በስኳር ሕመም ይብሳል። ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ብዙዎችን ይረዳል፤ የአውራ ጣት ሥር ጡንቻ ከመክሳቱ በፊት ከመጡ ቀላል ቀዶ ሕክምናም አለው።

ከሕክምናው ሁሉ የምንዘነጋው ፊዚዮቴራፒን፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሚሰጠውን ሕክምና ነው። በክረምት ጭቃ አዳልጧቸው አንጓቸው የተሰበረ አዛውንት እናት 6 ሳምንታት ያህል ጄሶ ውስጥ ሲቆዩ ጣታቸውን ካላንቀሳቀሱ፣ ትከሻቸውንም ካላነሡ፣ አጥንቱ ገጥሞ እጁ ይደርቃል። ስለዚህ ጄሶ ያሰርንለት ሰው ሁሉ ነፃ የሆኑትን ጣቶቹን በየሰዓቱ እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ፣ እጁንም ከልብ ከፍ አድርጎ እንዲይዝ እናስተምረዋለን። ይህን ትምህርት ቤት ለቤት የምታደርሱት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናችሁ፤ እኔ ታካሚውን የማየው ለደቂቃዎች፣ እናንተ ግን ደጁን ታውቁታላችሁ።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ እስከ ጥቁር አንበሳ ይሄድ ነበር። ዛሬ እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርም ላይ በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን የአጥንት ሕክምና አለ። የወጪውን ነገር በተመለከተ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዱ የራሳችን ደቡብ አቸፈር ነበር። አባል የሆናችሁ መታወቂያችሁን በየዓመቱ አሳድሱ፤ የስብራት ቀን ለማሳደስ አይመችምና። የወረዳ አመራሮችንም የምጠይቀው፣ እጁ የቀዘቀዘ ልጅ እንደ ወላድ እናት ሁሉ አምቡላንስ የሚያስጠራ ድንገተኛ ተደርጎ እንዲቆጠር ነው።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ባልደረቦቼ በካርቶን፣ በጥጥና በነጠላ የማይጠብቅ ድጋፍ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያሉ። ወጌሾች ከፊት እንድትቀመጡ ቦታ ተይዞላችኋል፤ እያንዳንዳችሁም በገዛ እጃችሁ አስራችሁ እንድትሞክሩት፣ እናንተ ከልምድ የምታውቁትንም እንድትነግሩን እንፈልጋለን። አመሰግናለሁ።