ካርድ ላዋሱን ሰዎች

የተከበራችሁ የጀልባ ባለቤቶች፣ አስጎብኚዎች፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ጣና እንዳወራ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ፤ ዛሬ የማወራው ስለ ዕዳ ነው። ሐይቁ ዳር ስድስት ክፍል ያላት ማረፊያ አለችኝ። ለድረ ገጹና ለፎቶ ማሳመሪያው በየወሩ በዶላር የሚከፈል አለ፤ የሚከፈለውም አሜሪካ በምትኖረው እህቴ ክሬዲት ካርድ ነው። በእህት፣ በአጎት፣ በቀድሞ እንግዳ ካርድ የምትከፍሉ እጅ አውጡ አልላችሁም። እንዳታፍሩ ብዬ ነው።

ፎቶ ማሳመሪያውን የጀመርኩት ለዘጌ ፎቶዎቼ ነበር። «ሰባት ቀን በነጻ» ይላል። አንድ የደንገል ታንኳ አሳመርኩበት፤ ከዚያ ሰለቸኝና ከስልኬ አጠፋሁት። አለቀ አልኩ። ከዓመት በላይ ቆይቶ እህቴ ለዕረፍት መጣች። በረንዳ ላይ ዓሣ እየበላን ስልኳን ከፍታ የካርዷን የወር ሂሳብ መግለጫ አሳየችኝ። በየወሩ፣ በዚያው ቀን፣ ያው መስመር፦ 9.99 ዶላር። አሥራ አራት ጊዜ። «እየተጠቀምክበት መስሎኝ ዝም አልኩ» አለች። እኔ ደግሞ የቆመ መስሎኝ ዝም ብያለሁ። ይሉኝታችን ወደ 140 ዶላር በላ። በብር ልመልስላት ሳሰላው ደነገጥኩ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ነበር።

በዕድር አንድ ወር ብትቀሩ ገንዘብ ያዡ ይጠይቃችኋል፣ ቅጣትም አለው። እዚህ ግን የሚጠይቅ የለም። ካርዱን ስትመዘግቡ አንድ ሂሳብ አልከፈላችሁም፤ በየጊዜው እንዲቆረጥ ፈቀዳችሁ። ፕሮግራሙን ከስልክ ማጥፋት ፈቃዱን አያነሳም። ካርዱ ቢታደስ እንኳ አዲሱ ቁጥር ለሻጩ የሚተላለፍበት አሠራር ስላለ ክፍያው ሊቀጥል ይችላል። እህታችሁ የወሩን ሂሳብ በሙሉ ካልዘጋች ደግሞ ወለድ ይጨመርበታል።

ስለዚህ የሚሰረዘው በተመዘገበበት ቦታ ነው። በጎግል ፕሌይ ከሆነ እዚያው የደንበኝነት ክፍያዎች ዝርዝር ውስጥ፤ በአይፎን ከሆነ በስልኩ ማስተካከያ ስማችሁን ነክታችሁ፤ በድርጅቱ ድረ ገጽ ከሆነ እዚያው ገብታችሁ። የመሰረዣውን ማረጋገጫ ለካርዱ ባለቤት ላኩ፣ ይቀመጥ። ከተሰረዘ በኋላ ከተቆረጠ፣ በአሜሪካ ሕግ የክሬዲት ካርድ ባለቤት መግለጫው ከተላከለት ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለካርዱ ሰጪ በጽሑፍ መቃወም ይችላል። የእኔ ግን ራሴ የፈቀድኩት ነውና ለቅሬታም አልበቃም።

አሁን አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ዋሽንግተን ገና ጠዋት ነው። ሻይ ከመቅረቡ በፊት ካርድ ላዋሰን ሰው እንደውልና ባለፈው ወር ምን ምን እንደተቆረጠ አንድ በአንድ እናስነብበው። እኔ እህቴን እየደወልኩላት ነው።