«ሁለንተናዊ» የምትለዋ ቃል

ደረጀ፦ ሰላም ጤና ይስጥልን! ዛሬ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በየዘመኑ ያወጣቻቸውን መግለጫዎች እናያለን። ሄለን፣ ከተመሠረተችበት ከ1951 እንነሳ?

ሄለን፦ መጀመሪያ ስለ አባዬ ማባዣ ማሽን ልንገርህ።

ደረጀ፦ ማሽኗ መጣች!

ሄለን፦ ትምጣ እንጂ! አባዬ የማኅበረ ምእመናናችን ጸሐፊ ነበር። ሰርኩላር ሲመጣ እሱ ስቴንስል በሚባለው የማባዣ ወረቀት ላይ ይተይባል፣ እኔ እጀታውን አዞራለሁ። እሑድ ነጭ ቀሚስ ለብሼ ጥፍሬ ጥቁር! ስቴንስሉ ሲያረጅ የ«ው» ክብ በቀለም ትደፈናለች። አባዬ እያንዳንዷን ወረቀት ወደ መስኮቱ ዞሮ ያያታል። «ያልተነበበች ቃል ካለች ሰው የራሱን ይሞላባታል» ይለኝ ነበር።

ደረጀ፦ እሺ፣ መግለጫዎቹስ?

ሄለን፦ እየመጣሁ ነው። አንድ ቀን «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የሚል ወጣ። «ምን ማለት ነው?» ስለው ለረጅም ሰዓት ሥራውን አቁሞ ስለ 1964ቱ ደብዳቤ ነገረኝ።

ደረጀ፦ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን፣ ለሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት የተጻፈው።

ሄለን፦ አዎ! ቄስ ጉዲና ቱምሳ የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ። ለጋሾቹ ለልማት ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ስብከትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ሲሆን ግን እጃቸው ይያዛል። ምእመኑ ደግሞ በየቀኑ እየበዛ ነው። ደብዳቤው «ሰውን ለሁለት አትክፈሉት፣ ሥጋውም ነፍሱም አንድ ነው» የሚል መንፈስ አለው። እስቲ አስበው ደረጀ፣ ተረጂ የተባለች ቤተ ክርስቲያን ለረጂዎቿ ሥነ መለኮት ስታስተምር! በ1967 ናይሮቢ ላይ በዚሁ ጉዳይ ምክክር ተደረገ።

ደረጀ፦ በጣም ትልቅ ነገር ነው። ግን የቤተ ክርስቲያኗ አቋም በየዘመኑ ተለውጧል ወይ ስንል ጥር 2005ን መዝለል አንችልም። ጠቅላላ ጉባኤው ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበረውን ግንኙነት ማቋረጡን አጸደቀ።

ሄለን፦ ሁለቱ በፈረንጆች 2009 በተመሳሳይ ጾታ ጥምረት ላይ በወሰኑት የተነሳ።

ደረጀ፦ ስዊድናውያን ሚስዮናውያን እኮ በ1858 ነው ምጽዋ የደረሱት! ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ መለያየት ትልቅ ለውጥ ነው።

ሄለን፦ ለእኔ ለውጥ አይደለም። አከርካሪው ያው ነው። በ1964 «የሚያስፈልገንን እናንተ አትወስኑልን» አለች፣ በ2005ም ገንዘቡ ቢቀርም ይቅር አለች። ያው ድምፅ ነው።

ደረጀ፦ አልስማማም። የ1964ቱ ጸሐፊ ገበታው ላይ ተቀምጦ ነው የሚከራከረው፤ «አብረን እንሥራ፣ ግን በደንብ እንሥራ» ነው የሚለው። የ2005ቱ ከገበታው ተነሳ።

ሄለን፦ እሱስ... የመነሳቱን ነገር እቀበልሃለሁ። ድምፁ ግን ያው ነው።

ደረጀ፦ ግማሹን ተቀበልሽ፣ ይበቃኛል።

ሄለን፦ አባዬን ብትጠይቀው የቄስ ጉዲናን ነገር ነበር የሚያነሳልህ። ከእስር ሲፈቱ ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ ምእመናኑን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አባዬ ይህን ሲናገር ድምፁ ይሰበራል። ደብዳቤውን የጻፈ ሰው እስከ መጨረሻው ኖረበት፤ እኔ የትኛውንም መግለጫ ሳነብ በዚህ ነው የምመዝነው።

ደረጀ፦ ቤተ ክርስቲያኗ በ1967 ስለ አብዮቱ ያወጣችውንም ልናነሳ ነበር...

ሄለን፦ እሱ ለብቻው አንድ ክፍል ይፈልጋል። ያኔ የምትጽፈው ለራሷ ምእመን ነበር፤ ለውጭ ስትጽፍና ለልጆቿ ስትጽፍ ቃሏ ይለያል።

ደረጀ፦ በሚቀጥለው እንግባበት። ማሽኗስ አሁን የት ናት?

ሄለን፦ እማዬ ጓዳ፣ በነጠላ ተሸፍና። ባለፈው ገና እጀታዋን ሞከርኩት፣ ይዞራል። ስቴንስል ነው ያጣሁት።