አሰልጣኝ አገር ሲቀይር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከአገር አገር እየተዘዋወሩ ስለሚሠሩ አሰልጣኞች ከሰሜን ሸዋ ከተደወሉልን ጥያቄዎች ሦስቱን እነሆ።

ከደብረ ብርሃን፣ ወጣት አሰልጣኝ፦ ውጭ አገር የአትሌቲክስ አሰልጣኝነት ሥራ አግኝቻለሁ። እዚህ የማሠራውን ፕሮግራም እንዳለ ይዤ ብሄድ ያዋጣኛል?

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የምትሄደው ሞቃትና ዝቅተኛ ቦታ ከሆነ ፍጥነቱን፣ እረፍቱንና የውሃውን መጠን ትቀይራለህ። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሰው ነው። እኛ ጋ ልጁ ቁርጭምጭሚቱን እያመመውም አሰልጣኙን እሺ ይላል። ሌላ አገር ግን አትሌቱ ፊት ለፊት "ይሄን ለምን እንሠራለን?" ሊልህ ይችላል። እንደ ንቀት አትየው። ምክንያቱን ንገረው።

በተቃራኒው፣ ዝም የሚል ቡድን ከገጠመህ ዝምታውን ስምምነት ነው ብለህ አትለፈው። ሆላንዳዊው አሰልጣኝ ጉስ ሂዲንክ የደቡብ ኮሪያን የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን ሲይዝ ታናናሾቹ ታላላቆቻቸውን ከማክበር ብዛት ሜዳ ላይ እንኳ በነፃነት አይነጋገሩም ነበር። በስም እንዲጠራሩ፣ ምግብ ላይም ተቀላቅለው እንዲቀመጡ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ዋንጫ 4ኛ ወጡ። በአገራቸው መጫወታቸውም ረድቷቸዋል፣ እሱ አይካድም። እኔን ደስ የሚለኝ ግን መከባበሩን ለማጥፋት አለመነሳቱ ነው። ጨዋታውን የሚጎዳውን ብቻ ነካ።

ከመሐል ሜዳ፣ እናት፦ ልጄ ሯጭ ናት። ከውጭ የመጣው አሰልጣኟ "በጾም ወራት ሥጋና እንቁላል ካልበላሽ አትሠሪም" አላት። ልጅቷ ተጨንቃለች። ምን ይሻላል?

እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። አሰልጣኙም ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ሰውነቷ እንዳይጎዳ ፈርቶ ይሆናል። ግን ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት መጠየቅ ነበረበት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብም አሉ። ይህን ያላወቀ አሰልጣኝ የዓመት ፕሮግራም ቢያወጣ ግማሹ ወረቀት ላይ ይቀራል። ልጅዎ በሽማግሌም ይሁን በረዳት አሰልጣኙ በኩል ቁጭ ብላ ታስረዳው። ከምግብ ርቃ የምትውል ከሆነ ከባዱ ልምምድ ወደ መፍቻው ሰዓት ይጠጋላት፤ እንደጨረሰች ትበላለች። ምግቡ ደግሞ እናንተው ጋ አለ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ስልጆ፣ ተልባ። ከምስሩ ጋር ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢኖር ሰውነቷ የብረት ማዕድኑን በደንብ ይወስዳል። ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ ይሁን። ሴት ሯጮች የደም ማነስ ቶሎ ስለሚያገኛቸው ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመርመር። ውጤቱን ይዛ ስትቀርብ አሰልጣኙም በግምት አይናገርም። መጾም አለመጾሙን ግን እሷና የንስሐ አባቷ ይወስኑት።

ከሸዋ ሮቢት፣ የስፖርት መምህር፦ ባህላችንን ለማያውቅ የውጭ ሰው ቡድን መስጠት ለምን ያስፈልጋል?

ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ ጃቶ የተወለደውን አበበ ቢቂላን ያስታውሱ። አሰልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። ግን ኒስካነን እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1946 መጥቶ፣ ከ1960ው የሮም ኦሊምፒክ በፊት ዓመታት እዚሁ ኖሯል። ሮም ላይ አዲሱ ጫማ ለአበበ አልተመቸውም። በባዶ እግሩ መሮጥ የለመደ ስለነበር ያለ ጫማ ሮጦ አሸነፈ። አትሌቱን በቅርብ የማያውቅ አሰልጣኝ ቢሆን "ጫማህን አድርግ" ብሎ ይሟገት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ መምህር፣ ክለብዎ የውጭ አሰልጣኝ ሊቀጥር ከሆነ ፓስፖርቱ አያሳስብዎ። ስንት ዓመት ሊቆይ እንዳሰበ ይጠይቁት። አጠገቡም ልጆቹን የሚያውቅ፣ እሱ ሲሳሳት ደፍሮ የሚነግረው የአገር ሰው ረዳት ይመድቡለት። ረዳቱ አስተርጓሚ ብቻ ከሆነ ግን ብዙም አይጠቅምም፤ በአሰላለፍና በፕሮግራም ላይ ሐሳብ የመስጠት መብቱ ውሉ ላይ ይጻፍለት።