የገብስ ውሃ ለሽንት ማቃጠል

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ? ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ነው የማወራችሁ። ጉዳዬ ሴቶች ዝቅ ባለ ድምፅ የምናወራው የሽንት ማቃጠል ነው።

እኛ ቤት አንዷን ሽንቷ ካቃጠላት እናቴ ወዲያው የገብስ ውሃ ትጥዳለች። ገብሱን አጥባ በትልቁ ድስት ታፈላዋለች። ውሃው ወተት መስሎ ሲደፈርስ ታጠልለውና ጆግ ሙሉ አጠገባችሁ ታስቀምጣለች። «ጠጭ ልጄ፣ ገና ነው!» ጆጉ ሳያልቅ መነሳት የለም።

ይሠራል ወይ? «ጠጥቼው ተሻለኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አምናቸዋለሁ። ግን ቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ምንም ሳይወስዱ በራሱ የሚለቃቸውም ጥቂት አይደሉም። እንግዲህ ገብሱ ይሁን ጊዜው በምን እንለያለን? የጠጡትንና ያልጠጡትን በማወዳደር ብቻ ነው።

ለውሃው ይህ ተደርጓል። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ጥናት አለ። ኢንፌክሽኑ የሚመላለስባቸውና ውሃ እምብዛም የማይጠጡ 140 ሴቶች ነበሩ። ግማሾቹ በየቀኑ 1.5 ሊትር ውሃ ጨመሩ። በዓመቱ እነሱ በአማካይ 1.7 ጊዜ ታመሙ፣ ሌሎቹ 3.2 ጊዜ። ብዙ ሲሸና ወደ ፊኛ የሚወጣው ባክቴሪያ ይታጠባል። ይህን ሳነብ ስለ እናቴ ደስ አለኝ! ያው ጥናቱ መከላከልን እንጂ ማዳንን አላሳየም።

ከጓሮ ቆርጠን ለዚሁ የምናፈላቸው ቅጠሎችስ? የጥብስ ቅጠልና ሌሎች ሁለት ዕፅዋት ያሉበት መድኃኒት አውሮፓ ውስጥ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተወዳድሯል። 659 ሴቶች ተሳትፈዋል። ዕፅዋቱን ከወሰዱት 84 በመቶ ያህሉ ተጨማሪ አንቲባዮቲክ አላስፈለጋቸውም፤ በሌላው ወገን 90 በመቶ ያህሉ። ይህ የተመጠነ መድኃኒት ነው፤ ጓሮ ቆርጠን የምናፈላው አይደለም። የእኛዎቹ ደግሞ በላብራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ገደሉ ሲባል፣ ሰው ፊኛ ውስጥም ይገድላሉ ማለት አይደለም።

ትኩሳት ካለ፣ ጎንና ወገብ ከወጋችሁ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን እባካችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና ሽንታችሁን ተመርመሩ። ኩላሊት ከደረሰ ቀልድ የለም። ነፍሰ ጡር ሆኖ ጤና አዳም አፍልቶ መጠጣትም ይቅር፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ የምትሰሙኝ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለግማሾቹ ሴቶች የገብስ ውሃ፣ ለግማሾቹ ያንኑ ያህል ተራ ውሃ ስጡና ውጤቱን ንገሩን። ገብሱም ጆጉም እናቶቻችን ቤት አለ።