አልጋውን ቁጠሩ፦ ዩኒቨርሲቲ ግቢውን ሊያሰፋ ሲል ከተማው የሚደራደርበት ነገር

[ምስል፦ የአዲስ ሕንፃ ንድፍ፤ መስታወት፣ ዛፎች፣ የሚስቁ ተማሪዎች]

አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢውን ሊያሰፋ ሲያስብ ለከተማው ነዋሪ ቀድሞ የሚያሳየው ሥዕል ነው። ሥዕሉ ላይ ሁልጊዜ ፀሐይ ነው፣ ዛፉ ሁሉ አድጓል፣ መኪና የሚባል ነገር የለም። ተሰብሳቢውም ስለ ፎቁ ቁመትና ስለ ግድግዳው ቀለም ሲከራከር ያመሻል። እኛ ዛሬ ሥዕሉን ወደ ጎን ትተን አንድ ነገር እንቆጥራለን፦ አልጋ። ስንት ተማሪ ይጨመራል? ለስንቱስ ዶርም ይሠራል?

አምስት ሺህ ተማሪ ጨምሮ ለአንድ ሺህ ብቻ ዶርም የሚሠራ ዩኒቨርሲቲ እናስብ። የቀሩት አራት ሺህ ተማሪዎች የሚያድሩት ሰፈር ውስጥ ተከራይተው ነው። አራት ተማሪ አዋጥቶ የሚከፍለውን ኪራይ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ላይችለው ይችላል። አከራይ ይህን ለማስላት ሒሳብ መማር አያስፈልገውም።

[ምስል፦ ካርታ፤ ካሊፎርኒያ፣ ከዚያ በርክሌይ]

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ያለችው የበርክሌይ ከተማ ነገር የተበላሸው እዚሁ ላይ ነው። እዚያ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ዕቅድ፣ በ2020 የተማሪዎቹ ቁጥር 33,450 ገደማ ይሆናል ብሎ ነበር። ቁጥሩ ከ40,000 በላይ ሆነ። ነዋሪዎች በአካባቢ ጥበቃ ሕጉ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤትም በ2021 ቁጥሩ ባለበት ይቁም አለ። በማርች 2022 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እገዳውን አላነሳም ሲል፣ ዩኒቨርሲቲው ሦስት ሺህ ያህል የአዲስ ተማሪ ቦታ ሊያጣ ሆነ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሕግ አውጪዎቹ ሕጉን አሻሻሉትና እገዳው ከሸፈ። ተማሪን እንደ ፋብሪካ ጭስ ቆጥሮ መክሰስ ለጆሮ አይጥምም፤ ነገር ግን የራሱን ቁጥር ያላከበረው ዩኒቨርሲቲው ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። እሱም ከሶ ነበር፤ በ2021 ታረቀና ዩኒቨርሲቲው በ16 ዓመት ውስጥ 82.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍለው ተስማማ።

ከተማ ለምን ገንዘብ ይጠይቃል? በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት በሚጠቀምበት ይዞታ ላይ የንብረት ግብር አይከፍልም። ግብር ይከፈልበት የነበረ ቦታ በዩኒቨርሲቲ እጅ ሲገባ ከግብር መዝገብ ይወጣል። የእሳት አደጋ መኪናው፣ መንገዱና የፍሳሽ ቱቦው ግን እንደ በፊቱ ያገለግሉታል። የካሊፎርኒያው ዓይነት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በከተማው የመሬት አጠቃቀም ደንብ አይገዛም። ስለዚህ ከተማው «አትሠራም» ማለት አይችልም። የቀረው ድርድር ነው።

[ምስል፦ ወንዝ፤ ማዶና ማዶ ሕንፃዎች]

የግል ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ፈቃዱ ከከተማው ስለሚወጣ የከተማው ጉልበት ይጨምራል። ይህን ጉልበት ለመሸሽ የሚደረግ ዘዴም አለ። የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከግቢው አጠገብ ካለው ወንዝ ማዶ፣ የቦስተን ክፍል በሆነችው ኦልስተን፣ ስሙን ሳይገልጥ በሌላ ኩባንያ በኩል 52 ኤከር ገደማ መሬት ገዛ፤ 21 ሄክታር መሆኑ ነው። ነገሩ ይፋ የወጣው በ1997 ነው። ዩኒቨርሲቲው ስሙ ቢታወቅ ዋጋው ይንር ነበር ብሏል፤ ስለ ገበያው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነዋሪው ግን ከዚያ ወዲህ በሚመጣ ዕቅድ ሁሉ ውስጥ የተደበቀ ነገር ይፈልግ ጀመር። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ በብሮሹር አይጠፋም።

ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኒው ዮርክ ማንሃተንቪል በ17 ኤከር ላይ ለመስፋፋት በ2007 መጨረሻ የከተማውን ምክር ቤት ፈቃድ አገኘ። ከዚያም ለአካባቢው 150 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የጥቅማ ጥቅም ስምምነት ፈረመ። አንዳንድ ባለይዞታዎች ግን አንሸጥም ብለው፣ መሬቱን በመንግሥት በኩል በግዳጅ የመግዛት ክርክሩ በፍርድ ቤት እስከ 2010 ተጎተተ።

[ምስል፦ ውል፤ ካሜራው ወደ አንድ ገጽ ይጠጋል]

ወደ ውሉ እንምጣ። «መናፈሻ ይሠራል፣ ሥራ ይፈጠራል» የሚል ቃል ቀንና ቅጣት ከሌለው ላም አለኝ በሰማይ ነው። የአሜሪካዋ ከተማ ሲያትል በውስጧ ካለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1998 የተፈረመ የጋራ ስምምነት አላት። በ2018 የግቢውን ማስተር ፕላን ስታጸድቅም ወደ ግቢው ብቻቸውን በመኪና የሚመጡ ሰዎች ድርሻ እስከ 2028 ወደ 12 በመቶ እንዲወርድ ግብ አስቀመጠች። ይህ የሚቆጠር ነገር ነው፤ ቆጥረው ጎደለ ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ላቦራቶሪው በመጀመሪያው ዙር፣ ዶርሙ በሦስተኛው ዙር ከተጻፈ፣ በመካከሉ ያለውን ዓመት ሁሉ ሰፈሩ ይሸከመዋል። በጀት ሲጎድል የሚሰረዘውም ሦስተኛው ዙር ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ተደራዳሪ ሁለቱን ያያይዛቸዋል፦ ይህን ያህል አልጋ ተሠርቶ ቁልፍ ካልተሰጠ፣ ለቀጣዩ የመማሪያ ሕንፃ የሚደረገው ድጋፍ ወይም ፈቃድ ይቆማል።

የግንባታው ዙር ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሥዕሉ አጠገብ ሳይሆን ከኋላ፣ ከአባሪዎቹ መካከል ነው። በስብሰባው ላይ እጃችሁን ስታወጡ የገጹን ቁጥር ይዛችሁ ተነሡ።