ቦታው ያልተጻፈ ዓሣ

የተከበራችሁ መምህራን፣ አብረን የተማርን ጓደኞቼ፣ ልጆቼ ተማሪዎች፤

ስለ ሞቃት ውቅያኖሶች መርፌ ዓሦች እንድናገር ስትጠሩኝ፣ «ባሕር በሌላት አገር ይህ ምን ይፈይዳል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቄ ነው ወደ አራት ኪሎ የመጣሁት። መልሱ ያለው አንድ ጠርሙስ ውስጥ ስለሆነ ግን አስቀድሜ ዓሣውን ላስተዋውቃችሁ።

መርፌ ዓሦች ቤሎኒዴ በተባለው አስተኔ፣ ማለትም የተዛማጅ ዓሦች ቤተሰብ፣ ይመደባሉ። አስተኔው 10 ወገኖችና ከ30 የሚበልጡ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ ጥቂቶቹ በአማዞንና በደቡብ እስያ ወንዞች ይኖራሉ፤ የሚበዙት ግን የባሕር ናቸው። ሰውነታቸው ቀጭንና ረጅም፣ ሁለቱም መንጋጋዎቻቸው እንደ ወስፌ የሾሉና በጥርስ የተሞሉ፣ የጀርባና የፊንጢጣ ክንፎቻቸውም ወደ ጅራት የተጠጉ ናቸው። ለማያውቃቸው ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ባለሙያ የሚለያቸው ክንፉን የሚደግፉትን ቀጫጭን ጨረሮች ቆጥሮ፣ በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካል) ቅስት ላይ ማጣሪያ መኖር አለመኖሩን አይቶ፣ ከጅራቱ በፊት ባለው ቀጭን ክፍል ላይ በጣቱ ዳስሶ ነው፤ በዚያ ቦታ ታይሎሱረስ የተባለው ወገን ጎበጥ ያለ ጠርዝ ሲኖረው፣ ስትሮንጊሉራ የተባለው ወገን የለውም።

እዚህ ላይ ነው ሥርጭት ከአመዳደብ የማይነጠለው። አብሌነስ ሂያንስ የተባለው፣ ጎኑ ጠፍጣፋና ጥቋቁር ሰንበሮች ያሉበት ዓሣ፣ በሦስቱም ውቅያኖሶች ሞቃት ውኃ ውስጥ የሚገኝ አንድ ዝርያ ነው። ታይሎሱረስ ቾራም በአንጻሩ በዋናነት የቀይ ባሕርና የአቅራቢያው ውኃዎች ዓሣ ነው። ከአንድ ሜትር የሚያልፈው ታይሎሱረስ ክሮኮዲለስ በሕንድ ውቅያኖስም በአትላንቲክም ይገኛል፤ በምሥራቅ ፓሲፊክ ያለው ዘመዱ ግን አንዳንዶች ንዑስ ዝርያ፣ ሌሎች ራሱን የቻለ ዝርያ ይሉታል። ሰሜንና ደቡብ አሜሪካን የሚያገናኘው የፓናማ የብስ ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አትላንቲክንና ፓሲፊክን በመለየቱ በሁለቱ ወገን የቀሩት ዓሦች ለየብቻቸው ኖረዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ዓሣ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ በጠርሙስ ብናየው፣ ስለ እርሱ ልንናገር የምንችለው ምን ያህል ነው?

በ1964 ዓ.ም. ተማሪዎች ሳለን ወደ ምጽዋ ያደረግነውን ጉዞ፣ ከፊቴ የተቀመጣችሁ አንዳንዶቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሌሊት በጀልባ ወጥተን ፋኖስ ከውኃው በላይ ዝቅ አድርገን ሰቀልን። መርፌ ዓሣ በሌሊት ብርሃን ሲያይ ከውኃው ተስፈንጥሮ እንደሚወጣ፣ በሹል አፉም ሰው ሊያቆስል እንደሚችል የጀልባው ባለቤት ነግሮን ስለነበር ሁላችንም አጎንብሰን ነበር። አንዱ ዘለለና የጀልባውን ጠርዝ መትቶ በእግሬ ሥር ወደቀ። ሰውነቱ ብር መሰለ፤ ሲንፈራገጥ ቅርፊቱ በእጄ ላይ ቀረ። በማግስቱ ከተያዙት ሌሎች አንዱን ጠብሰን ስንከፍተው አጥንቱ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ከመካከላችን አንዷ «መርዝ ነው!» ብላ ሳህኑን ገፋችው። ቀለሙ ቢሊቨርዲን ከተባለ ከሐሞት ጋር የተያያዘ ንጥረ ነገር የሚመጣ መሆኑን፣ ሥጋውም እንደማይጎዳ ያወቅነው ከተመለስን በኋላ ነው። ያንን በእግሬ ሥር የወደቀውን ግን እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ነክረን፣ በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ከመክተታችን በፊት ቦታውን፣ ቀኑን፣ የውኃውን ጥልቀትና የያዘውን ሰው ስም በእርሳስ ጽፈን በስንጥቡ ላይ አሰርንለት። በእርሳስ የጻፍነው፣ ቀለም በአልኮል ውስጥ ስለሚሟሟ ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ስሙን በማልጠራው አንድ ተቋም መጋዘን ውስጥ ያንኑ ዓሣ አገኘሁት። ያወቅሁት በጀልባው ጠርዝ ከተሰበረው የላይኛው መንጋጋው ነው። አልኮሉን የቀየረው ሰው ወረቀቱን «አሮጌ ነው» ብሎ ጥሎታል፤ በጠርሙሱ ላይም «የጣና ዓሣ» የሚል አዲስ ምልክት ለጥፎበታል። በጣና ሐይቅ መርፌ ዓሣ የለም! ወረቀቱን የጣለው ሠራተኛ ማንም ስላላስተማረው አልወቅሰውም። የምወቅሰው፣ ጉዳዩን ሳስረዳ «ዓሣው አለ አይደል?» ብሎ የመለሰልኝን ኃላፊ ነው። የለም፣ ጌታዬ፤ ዓሣው የለም! ያለው በአልኮል የተነከረ ሥጋ ነው፤ ዓሣው በዚያች ወረቀት ላይ ነበር!

እስከ ጎንደር የዘለቀው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል፣ ታይሎሱረስ ቾራምን በ1837 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው የአቢሲኒያን አዳዲስ አከርካሪ እንስሳት ለመግለጽ ባሳተመው ሥራ ውስጥ ነው። የዚህ ሰው ስብስቦች በፍራንክፈርት በዜንከንበርግ ሙዚየም ተጠብቀው ተመራማሪ ሲያገለግሉ፣ እኛ በገዛ እጃችን የሰበሰብነውን በገዛ እጃችን ስም አልባ እያደረግነው ነው። ባሕሩ ከእኛ ቢርቅ፣ ከባሕሩ ያመጣነውን ማስረጃ መጠበቅ ያቃተን ለምንድን ነው?

ስለ ዘረመል ጥናት ብዙ ለማለት ጊዜው አይፈቅድም፤ ሶሪ የሚባሉት ሌሎች የባሕር ዓሦች ከመርፌ ዓሦች መካከል እንደበቀሉ መታወቁን ብቻ ልጥቀስ። መርፌ ዓሦች ሲያድጉ ታችኛው መንጋጋ ቀድሞ ስለሚረዝም፣ ትንንሾቹ የሌላ አስተኔ ዓሣ መስለው ያሳስታሉ።

ከእናንተ መካከል የዚያን ጉዞ የማስታወሻ ደብተሮች ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አነጋግሩኝ። የእኔ ደብተር እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በ14ኛው ገጽ ላይ የዚያ ዓሣ ልክ፣ የጨረሮቹ ቁጥርና የተሰበረው መንጋጋ ሥዕል አለ። ሁለተኛ ደብተር ከተገኘ ሁለቱን አስተያይተን ወረቀቷን እንደገና እንጽፋለን፤ እርሳስ ይዣለሁ።